ጋሼ ወልዴ የደበቁብን አራተኛ ክፍል

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልደርብ ከቤት ወጣሁ... ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የከተማችን የመቱ ጭቃ ጫማዬን አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። እኔን ግን ንዴቴ ነበር የሚነዳኝ።

ጎረቤቴ ጫልቱ ከደጇ ሆና አየችኝ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትበሪው?»

«ጋሼ ወልዴ ዘንድ ነው! ዛሬ መጨረሻውን ሳልይዝ አልመለስም!»

«ጎሽ! ለእኔም ጨምረሽ ተቆጪልኝ!»

የጎሬና የበደሌ ወዳጆቼ «መቱዎች ምን እያነበባችሁ ነው? ምን አንብቡ ትሉናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችሁን የለ? ነገሩ ከዚያው ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሻል፣ መጽሐፍም አይመጣም። ዘንድሮ የደረሰን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጋሼ ወልዴ በቡና መኪና ሾፌር ልከው ያስመጡት ነው። አንባቢው ብዙ፣ መጽሐፉ አንድ! እንደ ልማዳችን ስፌቱን ፈታንና በአራት ከፈልነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያነበብነውን ክፍል እንለዋወጣለን። ሁሉም የደረሰበትን ያወራል፣ ያደንቃል፣ ያማል... ከፊት ያለውን የሚናገር ግን ወዮለት!

ታሪኩ ከሚደበድባት ባሏ ቤት ስለወጣች ሴት ነው። ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ዳር ቆማለች... እስቲ አስቡት! በእሷ ሰበብ ሁለት ጊዜ ወጥ አሳርሬአለሁ።

አራተኛው ክፍል ግን ከጋሼ ወልዴ እጅ አልወጣ አለ። መጀመሪያ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ ታላቃችን ናቸው፣ መጽሐፉም የሳቸው ነው። ባለፈው እሑድ ብንጠይቃቸው «ዝናብ ገባበት» አሉን። ቤታቸው አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ከየት የመጣ ዝናብ ነው? እኔማ ወዲያው ገባኝ... የገባኝ መሰለኝ። አምናም አንዱን መጽሐፍ «ይሄስ ለሴት ባይሆን ጥሩ ነው» ብለው ነበር።

ስደርስ ልጃቸው የሺ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ኖፓ ካለው ባሏ ቤት የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከዚያ ቤት ግንባሯ ላይ ያተረፈችው ጠባሳ ገና እንደቀላ ነው። እሷም እንደኛው ሦስተኛው ክፍል ላይ ቆማለች።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ መጨረሻው ተገኘ እንዴ?»

«አሁን ይገኛል!» ብያት ገባሁ።

ጋሼ ወልዴ መነጽራቸውን እየወለወሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ይስጡኝ።»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ያውቁታል! ሴት ልጅ ሦስት ክፍል አንብባ ካልባለገች በአራተኛው ትባልጋለች ያለዎት ማነው? ደግሞ የዝናብ ስም ያጠፋሉ!»

በዕድሜ አባቴ ናቸው፤ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። በሩን ገርበብ አደረጉና ከፍራሹ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ።

«እዚሁ አንብቢው። ድምፅሽ እንዳይሰማ።»

ቆሜ አነበብኩት... ልጅቱ ለካ አልሄደችም! ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ያገኟታል። «ባል ይቆጣል፣ ባል ይክሳል» ብለው ይመልሷታል። ሄዳ እግሩ ላይ ትወድቃለች። የተደበደበችው እሷ፣ ይቅርታ ለማኟም እሷ! ከዚያማ በሬ ይጣላል፣ ጠጅ ይቀዳል፤ የመጨረሻው ገጽ ድግስ ብቻ ነው።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣብኛል» አሉ ጋሼ ወልዴ ቀስ ብለው። «የሺን መልስ ሊሉኝ ነው። የእሷ ልብ እንደሆነ ገና አልጸና... ትላንትና ‹ያቺ ሴት እኮ ሄደች አባዬ› አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ይሄን አንብባ ከሽማግሌ ፊት እንድትቀመጥ አልፈልግም።»

ለካ ለልጃቸው ብለው ነው! ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ዞሮ ሌላ ሰው ላይ ወጣ እንጂ። ምክንያቱም ከሽማግሌዎቹ አንዱ የገዛ ባለቤቴ ነው!

የሺ እንዳታገኘው «እኔ ጋ ይቆይ» ብያቸው ወረቀቱን በነጠላዬ ሸሽጌ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ራሱ አያነብም፣ ሲነበብለት ግን ይወዳል፤ ያን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቶታል። መጨረሻውን አነበብኩለት። ድግሱ ላይ ስደርስ ጭኑን መታ አደረገ።

«እሰይ! ደህና አድርጎ ጨረሰው!»

እሰይ አለ!

«የየሺን ግንባር አይተኸዋል?» አልኩት።

«የባልና ሚስት ነገር ነው፣ አንቺ ደግሞ...»

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጋሼ ወልዴ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እኔና ጫልቱ ከአጥሩ ወዲህ ቆመን እናዳምጣለን፤ አላፍርበትም። ተራ በተራ ተናገሩ፣ ተረቱ፣ መረቁ። ጋሼ ወልዴ እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«ልጄን የሰጠኋችሁ በሙሉ ግንባሯ ነበር» አሏቸው። «እንደሰጠኋችሁ አድርጋችሁ መልሱልኝና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ከዚያ የየሺ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«እኔም አልሄድም!»

ጫልቱ ክንዴን እንዴት እንደጨመቀችው... አሁንም ያመኛል።

ባለቤቴ ፊቱን አጨፍግጎ ገባ። «ምሳ የለም እንዴ?» አለ። ያን አራተኛ ክፍል አመጣሁና የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ባዶ ሳህን ላይ አቀረብኩለት።

«ድግሱ እዚያ ላይ አለልህ፣ ብላ!»

ለጎሬና ለበደሌ ወዳጆቼ፦ ደንባችንን አፍርሼ መጨረሻውን ስለነገርኳችሁ አዝናለሁ፤ ሦስቱን ክፍል ግን አንብቡት፣ ግሩም ነው፣ መኪና እንደተገኘ እልካለሁ... አራተኛውን ለሚጠይቃችሁ ሰው ዝናብ ገባበት በሉ።