ጠመኔ የማይነካው መምህር

መምህር ኦቹዶ ጠመኔ አይነካም። ክፍል ሲገባ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሰሌዳው ፊት ይንጎራደድና፣ «ዛሬ ቀኑን የሚጽፍልኝ ጀግና ማነው?» ይላል። የክፍሉ እጅ ሁሉ ይወጣል። ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው፤ በሌላው ክፍል አለንጋ ሲወዛወዝ የኦቹዶ ሦስተኛ «ለ» ጠመኔ ለመጨበጥ ይጋፋ ነበር። ለጉብኝት የመጣ ሱፐርቫይዘር ይህን አይቶ፣ «ተማሪን ያሳተፈ አዲስ ዘዴ» ብሎ ለሌሎቹ አርአያ አድርጎት ሄደ።

ዘዴስ ዘዴ ነው። ኦቹዶ ግን ጠመኔ የማይነካው ፊደል ስለማይታዘዝለት ነበር። «በ»ን ሊጽፍ ይነሳና «ሰ» ሆና ትወጣለች፤ ሲያነብ ዓይኑ ወደ ታችኛው መስመር ይንሸራተትና የአንዱን ታሪክ ጅራት ከሌላው ራስ ጋር ይቀጥላል። ጆሮው ግን አንዴ የሰማውን አይለቅም። በልጅነቱ ከእህቱ ከአጅዋንግ ጋር ውል ነበራቸው፤ እሷ መጽሐፉን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ በእሷ ፋንታ በቆሎ ይወቅጣል። ወንድ ልጅ ሙቀጫ ዘንድ ከተያዘ የሰፈር መሳቂያ ነውና ጓሮ ተደብቆ ነበር የሚወቅጠው። ታሪኩንም፣ ሳይንሱንም፣ መዝሙረ ዳዊቱንም እንዲህ አብሮ ወቀጠው። ፈተና ላይ ከሁሉ በኋላ እየወጣ፣ ለጥቂት እያለፈ፣ መምህራን ማሰልጠኛ ደረሰ። ክልሉ ሲቋቋም ወረቀት ያለው የአገሩ ልጅ በመብራት ይፈለግ ነበርና ወዲያው ተቀጠረ።

እንዲህ ተደላድሎ ሳለ ፌበን መጣችበት።

ፌበን ሦስተኛ ክፍልን ደግማ ደጋግማ ቁመቷ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ልጅ ነች። በአፍ ከተጠየቀች የማትመልሰው የለም። የማንበብ ተራ ሲደርሳት ግን ጥርሷን ያማታል። በማግስቱ እርሳሷ ተንከባሎ ከዴስክ ሥር ይገባል፤ እሷም ተከትላው ትገባለች፤ ደወል ሲደወል ትወጣለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ቲቸር፣ አዞ ምላስ አለው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቃል፤ ንባቡ ይረሳል።

ኦቹዶ በአዞው ምላስ ላይ ከልቡ ሲከራከር ቆይቶ ድንገት ነቃ። «ይቺ ልጅ የኔን ሥራ ነው የምትሠራው!» አለ በልቡ።

ዳይሬክተሩ አቶ ከፈለ ከደጋ የመጡ፣ ጸጉራቸው በጠመኔ ብናኝ ይንጣ በዕድሜ የማይታወቅ፣ ደግና ችኩል ሰው ነበሩ። «ክፍል ለምትደጋግም ልጅ ወንበር የለኝም» አሉት ስለ ፌበን። «አርብ ከፊቴ ታንብብ። ካልቻለች አጎቷ ይውሰዳት።» አጎቷ ፖሊሱ ኦባንግ አስቀድሞ ተስማምቷል፤ አቦቦ ወረዳ ያለችው ዘመዱ ልጅ የምታዝልላት ትፈልጋለች።

በዚያው ከሰዓት ኦቹዶ ፌበንን ባሮ ዳር ወሰዳት፤ ሰው አንድ ነገር እንዳይል አጅዋንግንም የሚታጠብ ልብስ አሸክሞ አስከተላት። እርጥቡ አሸዋ ላይ ሰው የሚያህል «በ» ጻፈ።

«ሂጂበት። እየሄድሽ ጥሪው።»

«እረግጠዋለሁ?»

«እሱ ስንት ጊዜ ረግጦሻል!»

ፌበን በፊደሉ ላይ እየተራመደች ጮኸች። ከ«በ» ወደ «ሰ»፣ ከ«ሰ» ወደ «ለ»። ከዚያ ኦቹዶ ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ ክዳን አወጣ፤ መሐሉ ላይ የአንድ ቃል ያህል ቀዳዳ ተቀዶለታል። መጽሐፉ ላይ ሲያስቀምጠው አንድ ቃል ብቻ ይታያል፤ ሌሎቹ መዝለል አቃታቸው።

«ይሄን ማን አስተማረህ?» አለች ፌበን።

«ማንም። ለራሴ ነው የሠራሁት።»

ፌበን ክዳኑንም እሱንም አየች። «ቲቸር ማንበብ አይችልም!» ብላ ስትጮህ አጅዋንግ በሳቅ ተፍረክርካ ሳሙናዋን ለባሮ አስረከበች።

«እችላለሁ! በቀስታ ነው» አለ ኦቹዶ።

«እኔም በቀስታ ነኛ። ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?»

«ሰነፍስ ነሽ። ጥርሴን ያልሽ ቀን ቀኝ ጉንጭሽን ይዘሽ ገብተሽ ግራውን ይዘሽ ወጣሽ። ተንኮል እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

እስከ አርብ በየቀኑ አሸዋውን ረገጡት። ቢሆንም ልማድ አይለቅምና ኦቹዶ አቶ ከፈለን በነገር አዋዝቶ የሚያስነብቧት የአንበሳውንና የጥንቸሏን ተረት መሆኑን አወጣጣ። አጅዋንግ የድሮውን የበቆሎ ውል እያጫወተቻት አንድ ጊዜ አነበበችላት፤ ፌበን በቃሏ ያዘችው።

አርብ ቢሮው እንደ ምድጃ ስለጋለ ጉባኤው ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ሥር ሆነ። ያ ማንጎ ዛሬ የለም፤ በቦታው የቆርቆሮ መጋዘን ቆሟል። ኦባንግ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አቶ ከፈለ የአንበሳውን ገጽ ገለጡ፤ ፌበን ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አዩና፣ «ይኼስ ይቅር» ብለው ስለ ዝናብ የሚያወራ ገጽ አወጡ።

ፌበን ክዳኗን አስቀመጠች። «ዝ... ዝና... ዝናብ... ሲ... ሲዘ...»

ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። አልዘለለችም፤ አልገመተችም፤ ግን ቀስ አለች።

«ታነባለች ወይስ ትሸምናለች?» አሉ አቶ ከፈለ ትዕግሥታቸው አልቆ። «በቃ! መምህር ኦቹዶ፣ አንተ አንብብና ንባብ እንዴት እንደሆነ ትስማ።»

መጽሐፉ እጁ ላይ ዐረፈ። ጀግና ማነው እንዳይል፣ ክፍል አይደለም። ፌበን ከዳይሬክተሩ ጀርባ ሆና ጉንጯን ጥርቅም አድርጋ ያዘች፤ ጥርሴን በል ማለቷ ነው። ሊል ምንም አልቀረው። ግን የኦባንግን ባርኔጣ አየ፤ ከጉልበቱ ተነስቶ ወደ ራሱ እየሄደ ነበር። እሱ ዛሬ ቢያመልጥ ልጅቷ ወደ አቦቦ ትሄዳለች።

«ክዳኑን አቀብይኝ» አላት።

«ዝ... ዝናብ... ሲዘ... ሲዘንብ...»

ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበ። ሲጨርስ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል።

መጀመሪያ የሳቀው ኦባንግ ነው። «እንዴ አቶ ከፈለ! እሱ እንዲህ እያነበበ ደመወዝ ይበላል፤ እሷ እንዲህ ስላነበበች ትባረራለች?»

አቶ ከፈለ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እስከ ዛሬ ደበቅከኝ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ ስታነብ ይገባሃል?»

«እኔን ትተው እሷን ከገጹ ይጠይቋት። በአፍ።»

ጠየቋት። ፌበን የተጠየቀችውን መልሳ፣ ያልተጠየቀችውን ጨምራ፣ ጎርፉ ድልድዩን የወሰደው ሠሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው ብላ ደራሲውን አረመች። አቶ ከፈለ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «ትቀመጥ» አሉ። «ፈተናዋን በአፍ ትፈተን፤ ንባቡንም በጊዜዋ ትጨርስ። አንተ ግን አታመልጠኝም። በየክፍሉ ደንቆሮ የተባለ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ያንተ ነው።»

በሚቀጥለው ዓመት ባሮ ዳር የሚወርደው ሰልፍ የቤተ ክርስቲያን ጉዞ ይመስል ነበር። ፊደል ረግጦ፣ ጮኾ፣ አሸዋ ላይ ተንከባሎ መማር መኖሩ ሲሰማ፣ ከተማው ውስጥ ማንበብ ያቃተው ልጅ በአንድ ጊዜ በዛ። ለአባቱ ጋዜጣ የሚያነብለት የአንድ ቢሮ ኃላፊ ልጅ ኤልናታን እንኳ «ሀ»ን እንደ እንግዳ ሰው እያየ መጣ።

«ጨርሶ አይታየኝም፣ ቲቸር!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው።

ኦቹዶ አራተኛ ክፍል ወደ ገባችው ረዳቱ ዞረ። ፌበን ኤልናታንን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ውሸታም ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አላላበውም።»

ኦቹዶ አገጩን አሸት አደረገ። «ይሂድ እንግዲህ?»

«ለምን ይሄዳል?» አለች ፌበን። «ጮክ ብሎ ያንብብልን። እኛ በቆሎ እንወቅጥለታለን።»