ሽማግሌ የገባበት ቴአትር

ቁመቴ ነው ጉድ የሠራኝ። ቡታጅራ ውስጥ ሞባይል ቀበቶ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ የሚያስኮራበት ዘመን ነበር። የሲቪክስ መምህራችን በሩቅ አገር ሞባይል ስለሚገጣጥሙ ሴቶች ቴአትር ጻፈ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይሠራሉ፣ የማጣበቂያው ሽታ ዓይናቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ይለምናሉ። ሠራተኛዋን እኔ እሆናለሁ ብዬ ስቋምጥ ሚናውን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጣት። "አንቺ ረጅም ነሽ፣ አለቃዋን ሁኚ" አለኝ። እሷማ ትንሽ፣ ዓይነ ውብ፣ ሳይነኳት የምታለቅስ! አንጀቴ በቅናት አረረ።

ነገሩ የሚና ብቻ አልነበረም። ከወልቂጤ፣ ከዞኑ የኪነት ቡድን አንድ ሰው መጥቶ አንዳችንን መርጦ ሊቀጥር ነበር። ስለዚህ ተስፋዬን ሁሉ የመጨረሻው ንግግሬ ላይ ጣልሁ። አለቃዋ ብቻዋን ቀርታ፣ እሷም ከበላይዋ የምትፈራው እንዳለ የምትናገርበት ነው። በሱ አስለቅሳቸዋለሁ ብዬ ላማችን ፊት ሳይቀር ተለማምጄዋለሁ።

ቀኑ ደርሶ አዳራሹ ጢም አለ። ያቺ ልጅ "እትዬ፣ እግሬ ዛለ፣ ትንሽ ልቀመጥ" ብላ ስትለምነኝ የምሬን ጮህሁባት።

"ቁሚ! መቀመጥ የለም!"

ይሄኔ ከመስቃን የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ከዘራቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ነውር ነው! የዚያን የመሰለ ሰው ልጅ ሆነሽ! ለዚች ዕቃ ብለሽ ነው?" ሞባይላቸውን ከቀበቷቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። "ይኸው ካሳ። ልጅቷን አስቀምጫት፣ በአላህ ይዤሻለሁ!"

"አባባ፣ ቴአትር እኮ ነው" ብዬ አንሾካሾክሁ።

"ቴአትርስ ቢሆን እግሯ እግር አይደለም?"

ሽማግሌ ቆሞ እየለመነ እምቢ የሚል በኛ አገር የለም። "ይሁን፣ ትቀመጥ" አልሁ። እሳቸው መረቁኝ፣ አዳራሹ አሜን አለ፣ እልልታው ቀለጠ። እሷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ የእውነት እንባዋን አወረደችው። መምህራችን ከዚህ የተሻለ መጨረሻ የለም ብሎ መጋረጃውን ዘጋ። "ንግግሬስ?" ብዬ ብጠይቀው አልሰማኝም።

የዞኑ ሰውዬ እሷን መረጠ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ያንቺ ጩኸት እኮ ነው ያስለቀሰኝ" አለችኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኋት። ዛሬም ድምጿ በሬዲዮ ሲመጣ አጠፋዋለሁ።