ከወንዙ ማዶ የቀረችው እህት

ካርታ ነዳፊው በእጁ የሚኮራ ሰው ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ወሰናቸው የወንዙ መሃል እንዲሆን ሲዋዋሉ፣ መስመሩ እንዳይዛነፍ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ በቀይ ቀለም ያሰመረው እሱ ነው። ወንዝ ተሻግራ ያገባችው ታላቅ እህቱ በዚያው ማዶ ቀረች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር አንተ ነህ ያሰመርከው?» ብላ በስልክ ጠየቀችው።

«እኔ ምን ቤት ነኝ፣ እታለም? አለቆቼ ናቸው» ብሎ ዋሻት።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ እህቱ አረፈች። ሊቀብራት የወንዙ ድልድይ ጋ ሲደርስ ጠባቂው ወታደር አስቆመው።

«ያለ ፈቃድ አይታለፍም፣ አባባ» አለና በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርታ አሳየው። «ምን ላድርግ፣ እኔ አላሰመርኩት።»

ሽማግሌው ከካርታው ጥግ የገዛ ፊርማውን አየ። እንደዚያን ጊዜው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ።