ከጭድ ተራ ይዣት የተመለስኩት ፍራሽ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የሄድኩት መርካቶ፣ ጭድ ተራ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ እትዬ ብዙነሽን ለሥራ መጥራት። ለሽርሽር የሄድኩ የመሰለው ካለ ጽሑፉን እዚህ ላይ ይተወው።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሃያ ሁለት ዓመት ጭድ ተራ ፍራሽ ሞልቻለሁ። የጤፍ ጭድ አበጥራለሁ፣ የሚወጋውን ለቅሜ እጥላለሁ፣ ከረጢቱ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ፤ እትዬ ብዙነሽ አፉን ይሰፋሉ። ከዚያ ስፖንጅ መጣ። ሰው ጭድ ላይ መተኛት አፈረ። ተባረርኩ እንዳልል የሚያባርረኝ አለቃ አልነበረኝም። ደንበኛው ነው አንድ በአንድ የቀረው። ዛሬ ዘበኛ ነኝ። የምን ዘበኛ ቢሉ፣ የስፖንጅ ፍራሽ ፋብሪካ። ይሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስቄያለሁ፣ በጥርሴ ብቻ። በር ላይ የሚገባ የሚወጣውን መዝገብ ላይ መጻፍ ግዴታ ስለሆነ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ማሽን የሳተውን ስፌት በእጅ የሚያቃኑ ሴቶች አሉ። አንዷ ለቀቀች። የክፍሉ አለቃ ቤተልሔም ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ነገር የማታንዛዛ ሴት። ስለ እትዬ ብዙነሽ ስነግራት አንዲት የሕፃን ፍራሽ አምጥታ ሰጠችኝ። ስፖንጁ ገብቷል፣ ሦስት ጎኗ ተሰፍቷል፣ አንዱ ጎን ክፍት ነው።

«ይህን በእጃቸው ዘግተው ይላኩልኝ። ስፌቱን አይቼ እወስናለሁ» አለች።

መንገድ ላይ

ፍራሿን ጭኔ ላይ አድርጌ ቅጥቅጥ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጫጫ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጆሮዬን ቆረጠኝ። ሜዳው ላይ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። እንደ በፊቱ ቢሆን ክምር ሳይ ስንት ፍራሽ እንደሚወጣው እገምት ነበር። አሁንም ገመትኩ። ልማድ አይለቅም።

«ፍራሿም ሂሳብ አለባት!» አለ ረዳቱ።

«ወንበር ስትይዝ እከፍላለሁ።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱም ሳቀና አለፈኝ።

ሰንዳፋ ላይ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ዘግተው ብዙ ቆየን። ላምበረት መነኸሪያ ወርጄ መገናኛ፣ ከመገናኛ በታክሲ ተክለ ሃይማኖት። ከዚያ በእግሬ ወጣሁ።

መርካቶ፣ አራት ሰዓት ተኩል

በዱባይ ተራ አቋረጥኩ። «ጀርባ! ጀርባ!» እያለ ተሸካሚው ይገፋል፤ ድምፅ ማጉያው ስለ ጫማ ይለፈልፋል። እኔ ግን ወሬዬ ከግድግዳ ጋር ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ መርካቶን ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ጭድ ተራ መግቢያ ላይ፣ በየማለዳው ጭዴን የምከምርበት የቆርቆሮ አጥር አለ። ቀይ ጽሑፍ እንዳለበት አውቃለሁ፤ የሱቅ ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። «ዕቃ ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት! ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ፤ ይየኝ።

ተራው ከስሙ በቀር ጭድ የለውም ማለት ይቻላል። ግራና ቀኙ በላስቲክ የተጠቀለለ ስፖንጅ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መሀል ላይ አንዲት ጠባብ መደብ ቀርታለች። እትዬ ብዙነሽ እዚያ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ፣ ያቺ ረጅም መርፌ ነጠላቸው ላይ ተሰክታ። በሕይወቴ ከልቤ አንቱ ያልኳቸው ሰዎች ሦስት አይሞሉም፤ አንዷ እሳቸው ናቸው።

«አየለ! ከሳህ!»

«እርስዎም አልወፈሩም።»

«አፍህ አልተሻለውም» አሉና አቅፈው ሳሙኝ።

ከጎናቸው አንድ የጭድ ፍራሽ ነበረ። ተቀምጬ ሳላስበው እጄን ጥጉ ላይ ሰደድኩና ውስጥ ያለውን ጭድ ማፍታታት ጀመርኩ። የኛ ፍራሽ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ራስጌው ጥግ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ እጅ መግቢያ እንለዋለን። የተኛበት ሰው ጭዱ ሲጠቀጠቅ በዚያ ያፍታታዋል፣ ሲደቅ አዲስ ይጨምርበታል። እጅ መግቢያ የሌለው ፍራሽ በኛ ቤት ያላለቀ ፍራሽ ነው።

«ይህ የመጨረሻው ነው» አሉኝ። «መደቡን በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። ጀማል ሊይዘው ነው።»

ጀማል ከፊት ለፊት ስፖንጅ ይሸጣል፤ የስልጤ ሰው ነው፣ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ሲያየኝ ሦስት እርጥብ በፌስታል ይዞ መጣ። ዱሮ በሳንቲም የበላነው የድንች ሳንድዊች ስልሳ ብር ገብቷል።

«ጋሼ አየለ፣ ይቀየሙኛል አይደል?»

«አንተን ተቀይሜ የት እደርሳለሁ? ያንተን ዕቃ የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ እትዬን እዚሁ ሁኑ ብያቸው ነበር። እሳቸው እንቢ አሉ።»

«ምን ልሁን?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «የሚሰፋ አትፈልግ፣ የሚሞላ አትፈልግ። ያንተ ፍራሽ ተጠቅልሎ መጥቶ፣ ተዘርግቶ ነው የሚሸጥ። ጧሪ ሆነህ ልታስቀምጠኝ ነው?»

ጀማል እርጥቡን በላ።

ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያንን ጠላቴን ልሰፋ?»

«እኔ እየጠበቅሁት አይደል?»

«አንተ ዱሮም ኩራት የለህም።»

«ኩራት አይበላም፣ እትዬ። በወሩ መጨረሻ ምን ሊበሉ ነው?»

ክፉ ነገር ነው የተናገርኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ። እሳቸው የመደቡን ጠርዝ በመዳፋቸው አሻሹ። ልጅ የላቸውም። የወንድማቸው ልጅ ደብረ ብርሃን አግብታ አለች፤ ይምጡና እኔ ጋ ይኑሩ ብላቸዋለች፣ ነገር ግን የሰው እጅ ማየት አይወዱም።

«እስቲ አምጣት» አሉ በመጨረሻ። «አፏን ከፍታ ስትቀመጥ ታስጠላለች።»

ክሩን በሰም አሹት። ጎንበስ ብለው ጀመሩ። መርፌዋ ስትገባም ስትወጣም ድምፅ የላትም። ጀማል ደንበኛ እየጠራው ቆሞ ያያል፤ እኔ ጨርቁን ወጥሬ ያዝኩላቸው፣ እንደ ዱሮው። ሥራ ላይ ተነጋግረን አናውቅም። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና ፍራሿን መታ መታ አደረጉ።

«ለሕፃን ነው አይደል? ይደግበት።»

መልስ

ስምንት ሰዓት ላይ ከላምበረት ተነሳን። ሰንዳፋን ስናልፍ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ቀኝ እጄ የለም። ፍራሿ ውስጥ ናት።

እትዬ ብዙነሽ እጅ መግቢያ ትተውላታል። ጠርዙን አጥፈው፣ ከፍፈው፣ አሳምረው። እኔም ጨርቁን ይዤ አፍጥጬ እያየሁ አልታየኝም፤ ያለ እጅ መግቢያ ፍራሽ ሲሰፉ አይቼ ስለማላውቅ። እጄም ሳላዛት ገብታ ጭድ ስትፈልግ ስፖንጅ ነካች። ስፖንጅ አይፍታታም፤ ትጫነዋለህ፣ ይመለሳል። አንተን አይፈልግህም።

ቤተልሔም ይህን ብታይ ምን እንደምትል አውቃለሁ። አሮጊቷ ቀዳዳ ትተዋል፣ አይሆንም። የእትዬ ብዙነሽ የወሩ መጨረሻ በመዳፌ ልክ የሆነ ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሸኖ ላይ ተሳፋሪው ቅቤ ሊገዛ ወረደ። እኔ ከኪዮስክ መርፌና ክር ገዛሁ። ቅጥቅጡ እየዘለለ እኔ እሰፋለሁ፤ ጣቴን ሦስት ጊዜ ወጋሁት። ቅቤ ያቀፉ እናት ከጎኔ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው «ምነው ጌታው፣ ፍራሿን በድለዋት ነው?» አሉኝ። «ሌላ ሰው እንዳይበድላት ብዬ ነው» አልኳቸው።

ደብረ ብርሃን

ቤቴ ሳልገባ ፋብሪካ ሄድኩ። ቤተልሔም ጣቷን ስፌቱ ላይ አስኬደች። ጥጉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህን ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ይህቺን የዶሮ ጭረት ማን ሠራት?»

መዋሸት አልችልበትም። «እኔ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ከልቧ ሰማችኝ። ከዚያ የኔን ክር በመቀስ ፈታችና ከታች የተከፈፈውን ጠርዝ አየች። ደጋግማ አየችው።

«እኛ ጋ ቀዳዳ እንደማይተው ይንገሯቸው» አለች። «ሰኞ ይምጡ።»

እዚያው በር ላይ ቆሜ ደወልኩላቸው።

«እጅ መግቢያውን ወደዱት?» አሉኝ ገና ከመጀመሪያው።

«እትዬ፣ እዚህ እጅ አያስገቡም።»

«ታዲያ ሲያረጅ በምን ይሞሉታል?»

«አይሞሉትም። ይጥሉታል።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

የመርካቶ ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል።

«መርፌዬን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። «የነሱ አይያዝልኝም። በር ላይ ጠብቀኝ።»

ስፖንጅ እንጀራዬን ወሰደብኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። እንጀራማ ተገኘ፤ መራራም ቢሆን ይበላል። ምን እንደተወሰደብኝ ያወቅሁት ከሰንዳፋ ወዲህ ነው፣ እጄ የምታፍታታው አጥታ ስትመለስ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ይዤ አልተመለስኩም።

ሰኞ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ መርፌዋ ተሰክታለች። መዝገቡን ገልጬ፣ እያዩኝ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ስም፦ ብዙነሽ። የመጡበት ጉዳይ፦ ሥራ።

«ምን አልክ እዚያ ላይ?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

«ድገመው እስቲ» አሉ።

ደገምኩላቸው፤ ከዚያ በሩን ከፈትኩ።