ስምንት ሰዓት፣ ግን በማን ሰዓት?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሐምሌ፣ እዚሁ ጅቡቲ ነው። እስካሁን ያልረሳሁት የአለቃዬን የእጅ ሰዓት ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ነው።

በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ሰርቨሮቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አለቃዬ አቶ መስፍን፣ አያታቸው በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የማያውቁት ነገር የሌለ ሰው ናቸው። ካለም እስካሁን አልነገሩንም።

ሰርቨሮቻችን በዩኒክስ ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፤ ሰዓታቸውን በኢንተርኔት እያመሳሰሉ ራሳቸው ያስተካክላሉ። የዚያን ቀን ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ የሰዓት ማመሳሰያው ፕሮግራም «ሰዓት አላገኘሁም» እያለ ስክሪኑን ሞላው። እኔ ምሳ ወጥቻለሁ። አቶ መስፍን ማመሳሰያውን ጸጥ አሰኙትና የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ሰዓቱን በእጃቸው ሞሉ። የእጅ ሰዓታቸው የሚቆጥረው እንደ አገር ቤት ነው። ስምንት ይላል፣ እሳቸውም ስምንት ብለው ጻፉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሄደው ሰርቨር ደግሞ ስምንት ማለት ጠዋት ነው።

ስመለስ የግቢያችን በር በከባድ መኪና ተጨናንቋል። የምናትመው የመውጫ ወረቀት ሰርቨሩ ከሚጽፍበት ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ የዚያን ቀኑ ግን ገና ከማተሚያው ሲወጣ ጊዜው አልፎበታል። ዘበኛው እያንዳንዱን እያየ «ሴ ፊኒ! አልቋል!» ይላል።

ከሰልፉ ፊት ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። በማግስቱ ድሬዳዋ ላይ ሴት ልጃቸውን ይድራሉ።

«ልጄ፣ ድንበሩ ሳይዘጋ ካልደረስኩ ማን መርቆ ይሸኛታል?» አሉኝ።

ሮጬ ገባሁ።

«አቶ መስፍን፣ ሰርቨሩን ነክተውታል?»

«አስተካከልኩት እንጂ! ሰዓት ከኢንተርኔት አልለምንም።»

«ስምንት ብለው?»

«ታዲያ ከቀኑ ስምንት አይደለም እንዴ? ያ ሁሉ የተወራለት ማሽን ከሰዓት በኋላን ከጠዋት አይለይም?»

ደግነቱ ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ማመሳሰያውን ብቀሰቅሰው የስድስት ሰዓት ልዩነት አየና «ይህን ያህልስ አልደፍርም» ብሎ ራሱን ዘጋ። አልፈርድበትም፤ እሱ የሚያውቀው በሰከንድ የሚሳሳቱትን ነው። ሰዓቱ በአንዴ እንዲዘል አዘዝኩና እንደገና አስነሳሁት። አዲሱ ወረቀት ታተመ። ዘበኛው አይቶ «ቦን! ጥሩ!» አለና በሩን ከፈተ። ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን እየነፉ ወጡ።

በሳምንቱ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ደርሰው፣ መርቀው ሸኝተዋታል። ዳቦውን ማን ተቀበለ? አቶ መስፍን!

«ሰርቨሩ ትንሽ አስቸግሮ ነበር፣ አስተካከልነው» አሉ። በ«አስተካከልነው» ውስጥ ያለችው «ነ» እኔ መሆኔ ነው። ከዳቦውም ጠርዙ ደረሰኝ።

ጋሽ ደምሴ ሲወጡ ግን ጠጋ ብለው «ታናሺቱን በጥር እድራለሁ፤ እባክሽ ልጄ፣ በዚያ ሰሞን ምሳሽን እዚሁ ብዪ» አሉኝ።

ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጥሩምባ ደስ ይለኛል። ጥር ደርሷል፤ ምሳዬን በምሳ ዕቃ እያመጣሁ፣ ዓይኔን ከአቶ መስፍን የእጅ ሰዓት ሳልነቅል እበላለሁ።