የጋሽ ታደሰ መርፌ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። የነፍስ አባቴ ፊት በየፆሙ ስንበረከክ ሐሜቴንና ስስቴን እዘረዝርና ይህችን ብቻ እዘላት ነበር። ዛሬ አፌን የከፈትኩት ስለማላውቃችሁ ይመስለኛል፤ ቀና ብዬ የማየው ዓይን የለም። ፈሪ ነኝ። ከዚህ ጀምሩልኝ።

ሰው ገድያለሁ። የገደልኳት ልጅ ጀሚላ ትባላለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ገና ብቅ አላለም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የአሰበ ተፈሪ ባለሱቅ ልጅ ነኝ። ውጭ አገር ተልኬ ኬሚስትሪ ተማርኩና “ዶክተር” ተብዬ ተመለስኩ፤ አዲስ አበባ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥም መድኃኒት መቀመም ሥራዬ ሆነ። የወባ መድኃኒት እዚሁ አገራችን እንሠራለን እያልኩ አፈላለሁ፣ አጣራለሁ፣ አደርቃለሁ። ለሕዝቡ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው፣ ለስሜ ነበር። አገሬው ሐኪም መስዬው ከመቀመጫው ሲነሳልኝ፣ “እኔ እንኳ ሐኪም አይደለሁም” ብዬ አንድ ቀን አላረምኩትም።

በእኛ ሙያ የማይዋሽ ፈተና አለ። የደረቀውን ዱቄት በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አድርገን እናሞቀዋለን። ንጹሕ ከሆነ ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ባንዴ ይቀልጣል፤ ካደፈ ግን አስቀድሞ ማላብ ይጀምራል። የእኔ ዱቄት አላበ። አየሁት። በዚህ በዓይኔ አየሁት! እንደገና ማጥራት ነበረብኝ። ግን ለበዓል አገር ቤት ልወርድ መኪና ይጠብቀኝ ነበር፤ ባዶ እጄን መግባትም አልፈለግሁም። “ትንሽ እድፍ ነው” አልኩና በጥብጬ በጠርሙስ ይዤው ወረድኩ።

ጠርሙሱን እንደያዝኩ ዘመድ ልጠይቅ ከአሰበ ተፈሪ አልፌ ሂርና ስደርስ የአባቴ የቆየ ወዳጅ፣ የጫት ነጋዴው ሙሜ፣ መንገድ ላይ ያዘኝ። ልጁ ጀሚላ አሰቦት ቆላ አክስቷ ዘንድ ከርማ ወባ ይዟት ተመልሳለች። የተሰጣት ክኒን አልሠራላትም። የከተማው ድሬሰር ጋሽ ታደሰ፣ ሕፃን ሳለሁ ክንዴን የከተበኝ ሰው፣ ወደ ድሬዳዋ ሆስፒታል ትወሰድ ብሎ መኪና ሁሉ አናግሮ ነበር። ማን አስቀራት? እኔ። “መድኃኒቱ እጄ ላይ እያለ ምን ያንከራትታታል?” አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ጠርሙሱን አገላብጦ አየው።

“ዶክተር፣ ይሄ ጽሑፍ የለውም እኮ።”

“እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ጋሼ።”

ሌላ አልጠየቀኝም። መርፌውን ሲቀቅል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ውሃው ሲንተከተክ፣ እሱም ሳይቸኩል ሲጠብቅ አይቻለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ከወጋት በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቀበሯት።

አዲስ አበባ ተመልሼ የተረፈውን ዱቄት መረመርኩት። ሳይዋሃድ የቀረ ቅመም ነበረበት፤ እሱም መርዝ ነው። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። አውቄያለሁ።

ሂርና ግን ያየው መርፌውን ነው። የሙሜ ዘመዶች ጋሽ ታደሰን ለጉማ፣ ማለትም ለደም ካሳ፣ ሽማግሌዎች ፊት አቆሙት። እሱም ምስክር ቆጠረ። ማንን? እኔን! “መድኃኒቱን ዶክተሩ ያውቀዋል፤ እሱ ይናገርልኝ” ብሎ አስጠራኝ። ሄድኩ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። አንዱ ሽማግሌ ሊያስምለኝ ሲል ሙሜ ተነሣ።

“ለዚህ ልጅ መሐላ አታቅርቡ፤ የወዳጄ ልጅ ነው፣ የተማረም ነው። ዱጋውን፣ እውነቱን፣ ይነግረናል። በል ልጄ፣ ሐቁን ንገረን፤ ልጄን ምን ገደላት?”

ጋሽ ታደሰ አየኝ። ፊቱ ላይ ሥጋት አልነበረም። የሚያድነው ሰው መጥቶለታል።

“መድኃኒቱ ንጹሕ ነው፤ ምናልባት መርፌው በደንብ አልተቀቀለ ይሆናል” አልኩ።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። አንደበቴ እንኳ አልተያዘም። በዚያ ዘመን “አሻጥር” የምትባል ቃል ሰው ታስገድል እንደነበር አውቃለሁ፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ቢሰማ ምን ይደርስብኝ እንደነበርም አውቃለሁ። ግን ዘመኑ ክፉ ነበር ብላችሁ አትዘኑልኝ። ዛፉ ሥር መሣሪያ የያዘ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ በሬዎቹን ሸጦ ካሰ። ለእርቁ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አንድ ላይ ስለማይበላ ወተት ቀረበ፤ እሱና ሙሜ ከአንድ ዋንጫ ጠጡ። ዋንጫው ለእኔም ደረሰኝ። ጠጣሁ። እንዴት አላነቀኝም?

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ታደሰ መርፌ አልነካም፤ ሥራውንም ተወ። እኔ ላቦራቶሪው ውስጥ አለቃ ሆንኩ። የወባውን መድኃኒት “አልተሳካም” ብዬ ዘጋሁትና ሌላ ጀመርኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ እናቴን ልጠይቅ አሰበ ተፈሪ በገባሁበት ጊዜ፣ ጋሽ ታደሰ ከሂርና ድረስ መጣ። ከስቷል፤ ሳሉ አላስቀምጥ ብሎታል።

“ዶክተር፣ መሞቴ ነው። ያን ቀን ያጠፋሁት ምኑ ላይ ነው? አስበዋለሁ፣ አስበዋለሁ፣ አይመጣልኝም። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይንገሩኝ።”

ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከሳሽ የለ፣ ሽማግሌ የለ። አንዲት ቃል ብናገር ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ይሞት ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

“መርፌውን ከሚፈላው ውሃ ቶሎ አውጥተውት ይሆናል፣ ጋሼ። ልጅቷ ስታለቅስ ቸኩለው ይሆናል።”

“ልክ ነው… አልቅሳ ነበር። ቸኩዬ ነው” አለ። ያልሠራውን ጥፋት ሲያስታውሰው እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚያ እንባው ወረደና እጄን ይዞ ሳመኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ለነፍስ አባቴ የምናገረው አገኘሁ።”

ተናግሮም ሞተ። የእኔን ኃጢአት እሱ ተናዘዘልኝ፤ እኔ የምናዘዘው ምን ቀረኝ? ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የሚሉኝ ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው። እናንተ ግን በሂርና በኩል ካለፋችሁ፣ የጋሽ ታደሰን ልጆች ካገኛችሁ፣ ይህችን ብቻ ንገሩልኝ። መርፌው ተቀቅሎ ነበር።