የፈረንሳዮች ትግልና ሦስተኛው ልመና

«ውሸት ነው እኮ!» ይሉኛል፣ የማላውቀውን የነገሩኝ ይመስል። እዚህ አሜሪካ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ በምንጠብቅበት ፓርኪንግ ውስጥ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ያየኝ ሾፌር ሁሉ በመስኮት አንገቱን ያስገባል። ሁለት ባለ ቁምጣ ፈረንጆች በጥቁርና ነጭ ፊልም ሲተናነቁ ያይና ያችኑ ይደግማታል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።» አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ እውነት መስሎኝ ተጨንቄ ልሞት ነበር! ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ስታለቅስ ግን «ውሸትሽን ነው» የሚላት የለም፤ ሁሉም መሐረብ ያቀብላታል።

እኔ የማየው ርችትና ሙዚቃ የበዛበትን የአሜሪካን ሬስሊንግ አይደለም። የድሮ የፈረንሳይ ትግል ነው፤ እነሱ «ካች» ይሉታል። ቴሌቪዥን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ፓሪስ ውስጥ በየአዳራሹ የተቀረጸ ነው። ሰዉ ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ሲጋራውን እያቦነነ ይመለከታል። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ፈረንሳይኛ የተማርኩት ድሬዳዋ ነው። ለሥራ አልሆነኝ፣ ለትዳር አልሆነኝ፣ ለዚህ ሆነኝ። አንዱን ግጥሚያ አይና ማን እንዴት እንደወደቀ፣ ዳኛው የት ላይ እንዳንቀላፋ፣ ጋዜጠኛው ምን ብሎ እንደቀለደ በአማርኛ ቀድቼ ቻናሌ ላይ እለቀዋለሁ። ስሙን «ግምገማ» ብዬዋለሁ፣ በዚያ ቃል ስንት የአገሬ ሰው እንደተሰቃየ እያወቅኩ። አድማጮቼ ጥቂት ናቸው። ግማሾቹም የሚመጡት ሊሰድቡኝ ነው።

ከሁሉ የምወደው አንድ ግጥሚያ አለ። ክፉው ጸጉሩን ቢጫ ያስቀባ፣ ሆዱ ከቁምጣው የተረፈ ሰውዬ ነው። ደጉ ቀጭን፣ ሙልጭ ብሎ የተላጨ፣ የእናት ልጅ የሚመስል ጎረምሳ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ በጀርባው የጣለ ያሸንፋል። ሶ፣ መጀመሪያ ክፉው ይጥላል። ጸጉር ይጎትታል፣ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር ዓይን ይወጋል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ባለካባ ወይዘሮ ብድግ ይሉና በቦርሳቸው ጀርባውን ያቀምሱታል። ቀጥሎ ደጉ ይጥላል፤ አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክፉው ይንበረከክና እጁን ዘርግቶ «እንታረቅ» ይላል። ደጉ ራሱን ይነቀንቃል፣ እምቢ። ክፉው በጉልበቱ እየዳኸ ደግሞ ይለምናል። አሁንም እምቢ። ሦስተኛ ሲለምነው ደጉ ወደ ሕዝቡ ያያል። ሕዝቡ «አትመነው!» ብሎ ይጮኻል። እሱ ግን ደግ ነውና እጁን ይሰጣል፣ ወዲያው ሆዱ ላይ እርግጫ ይቀምሳል። መጨረሻ ላይ ያው ደጉ ያሸንፋል። አክተር አይሞትም።

ያን ግጥሚያ ስገመግም «ሁለቴ እምቢ ካልተባለ እሺታ አይጣፍጥም፤ ይህን ፈረንሳዮቹ ከእኛ ነው የሰረቁት» ብዬ ነበር። ቀልዴን አልነበረም። እኛ ዘንድ ሳይለመን እሺ የሚል ማን አለ? ሰው ቤት ሄደህ «ብላ» ስትባል «ኧረ በልቻለሁ» ትላለህ። ሲደግሙህ «ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ እንዳላስቀይማችሁ» ብለህ እጅህን ትታጠባለህ። ራብ አንጀትህን እያላወሰውም ቢሆን የመጀመሪያው ላይ ዘለህ ከቀረብክ አስተዳደግ የለህም። እርቅም እንደዚያው ነው።

ሚስቴ ጥላኝ የሄደችው በዚሁ «ውሸት ነው» በሚሉት ነገር ሳቢያ ነው። ሬንተን ከተማ፣ እህቷ ቤት፣ ልደት ነበር። ጥጌን ይዤ ስልኬን እያየሁ እህቷ መጣችና ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ውሸት መሆኑን የሚነግርህ ጠፋ?» አለችኝ። የእኔ አፍ ደግሞ መቼ ያርፋል፣ «እንደ ባልሽ ፍቅር ነዋ!» አልኳት። ባልየው እንደሚወሰልት ሬንተን ያለ ሐበሻ በሙሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ኬኩ ሳይቆረስ ወጣን። በማግስቱ ሚስቴ ልጃችንን ይዛ እዚያችው እህቷ ጋ ገባች። በስልክ የነገረችኝ ይህን ነው፦ «ከእኔ ጋር ካወራኸው ከሞቱ ፈረንሳዮች ጋር ያወራኸው ይበልጣል። አሁን ደግሞ ዘመዴን ሰው ፊት አዋረድክ።»

ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን፣ እሷም ብትሆን ሁለት ሺፍት ሠርታ ስትገባ የምታወራው ከትራሷ ጋር ነበር። ለማንኛውም እንድትመለስ እፈልግ ነበር። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፣ አጥብቄ እፈልግ ነበር። ስካይዌይ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የሚቆጣኝ ሰው አጣሁ፤ ጫማዬን ሳሎን መሐል ጥዬው ሳምንት ከረመ።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክኩ። አንደኛው በቤተ ክርስቲያናችን ሁላችንም አባባ የምንላቸው አዛውንት ናቸው፤ ስንቱን ትዳር ከገደል አፋፍ የመለሱ። ዓይናቸው ደክሞ መኪና መንዳት ትተዋል። ስለዚህ የሚያደርሳቸው ሰው አብሮ ሽማግሌ ሆነ። እሱ የእኔ እኩያ ነው፣ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ሽማግሌ ያሰኘው የሸበተ ጢሙ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሬንተን ሄደው ሚስቴን አነጋገሩና በምሳ ሰዓት እኔ ጋ መጡ።

«ትመለሳለች» አሉኝ አባባ፣ ሶፋው ላይ በቅጡ ሳይደላደሉ። «ግን እህቷን በተሰበሰበ ሰው ፊት እንደዘለፍካት፣ በተሰበሰበ ሰው ፊት እግሯ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ያንንም ትግል እርግፍ አድርገህ ትተዋለህ።»

እኔ አስቀድሜ ቆርጫለሁ። እግሯንም እስማለሁ፣ ቻናሉንም እዘጋለሁ። ሬኒየር ቫሊ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት በያይነቱ በትልቁ ትሪ አስመጥቼ ጠረጴዛው ላይ የደረደርኩት እሺ ካልኩ በኋላ አብረን ልንበላ ነው። ታዲያ እንደ ባለጌ ዘልዬ እሺ ልበል? ሲመኝ የከረመ ልምሰል?

«በጭራሽ!» አልኩ። ድምፄንም ከፍ አደረግኩት፣ እንደዚያ ነው የሚያምርበት።

«ተው ልጄ፣ ትዳር ነው» አሉ አባባ። ይኸው፣ አንድ።

«የእሷን እግር ከምስም አንገቴን ለካራ!»

ይህን ስል ያ ጢማም ብድግ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። «ብራዘር፣ ሺፍት አለብኝ፣ ትንሽ ልቅመስ» ብሎ ሰሐን አነሳና ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ ምስሩን ይጭን ጀመር። እኔ በቆምኩበት ደረቅኩ። ሽማግሌ እኮ «እሺ ሳትለን እህልህን አንቀምስም፣ ውሃህንም አንጠጣም» ነው የሚለው! የእምቢተኛ ቤት እንጀራ እንዴት ይጎረሳል? ይሄ ሰው ሽምግልና ነው የመጣው ወይስ ቡፌ?

አባባ ግን ወጉን ያውቃሉ። «ስለ እመብርሃን ብለህ» አሉኝ። «ልጅህን አስብ።» ሁለት። ልቤ ዘለለች። ወደ መስኮቱ ዞርኩና «አይሆንም አባባ፣ በዚህስ አይምጡብኝ» አልኩ። ከዚያ ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሆን ብዬ ነው የተጠጋሁት።

ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቴ እምቢ ያሏቸው ሽማግሌ «እንግዲያው እግርህ ላይ ልውደቅልህ» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። አንተ ደግሞ ጉልበታቸው መሬት ሳይነካ ዘለህ ታቅፋቸውና «ኧረ በስመአብ! ለእርስዎ ስል እሺ» ትላለህ። እርሳቸው ይከበራሉ፣ አንተም ተለምነህ እንጂ ተልከስክሰህ አልገባህም። ከዚያ ምሳ ይበላል።

ጢማሙ እጁን በሶፍት ጠረገና ስልኩን አየ። «አባባ፣ ሰውየው እምቢ ብሏል እኮ፤ እንሂድ፣ ይረፍድብኛል» አላቸው። አባባ ትክ ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ የሶፋውን ጠርዝ ይዘው መነሳት ጀመሩ። መጣ! ዘልዬ በሁለት እጄ ብብታቸው ሥር ያዝኳቸው። «ኧረ በስመአብ አባባ!» አልኩ።

«ተባረክ ልጄ» አሉኝ፣ ተደግፈውኝ ቀጥ ብለው እየቆሙ። «ጉልበቴ አልታዘዝ እያለኝ ነው። ይሄ ሶፋ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው።» ከዘራቸውን ጠየቁኝ፣ አቀበልኳቸው።

እሺታዬ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ለማን ልበላት? ሦስተኛውን ማንም አልለመነኝም። እስከ መኪናው ድረስ ክንዳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው፤ በሩ ሲከፈት ይሉኛል፣ ቀበቶ ሲያስሩ ይሉኛል እያልኩ። «እስቲ እንመለስበታለን» አሉ አባባ። ጢማሙ «ኮል አደርግልሃለሁ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ጋ አልደወለም። ሚስቴ ጋ ግን መንገድ ላይ ሆኖ ደውሎ «እምቢ ብሏል፣ አንገቴን ለካራ ነው ያለው» ብሎ ቃል በቃል አደረሰላት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

አባባ በዚያው ሰሞን ታመው ተኙ። ሌላ የሚመለስበት ሰው አልተገኘም። «ታዲያ ራስህ አትደውልም ነበር?» የሚለኝ ሞኝ አይጠፋም። አንገቴን ለካራ ብሎ የፎከረ ሰው በማግስቱ «ሄሎ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ይላል? እሷስ ጣት የላትም? እልህ ያዘኝ። በዚያ ሳምንት ግምገማዬ ላይ ያንን ደጉን ልጅ በጣም ሰደብኩት። ሦስቴ ያስለመነ ጥጋበኛ አልኩት። አድማጮቼ ምን እንደነካኝ አልገባቸውም፤ አንዱ «ጋሼ ሰክረዋል» ብሎ ጻፈልኝ።

ከብዙ ወራት በኋላ በፍርድ ቤት ተለያየን። አሁን በየሳምንቱ መጨረሻ ልጄን ለመውሰድ ሬንተን እሄዳለሁ፤ አንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምንረካከባት። ሰላም ብለን መኪና እንቀይርላታለን፣ በቃ። ባለፈው ግን ልጅቱ የእኔ መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ እናቷ አልሄደችም። ካፖርቷን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ በካፊያው ወደ እኔ መጣች።

«አባባ አረፉ፣ ሰማህ?» አለችኝ።

አልሰማሁም ነበር። ነፍስ ይማር አልኩ። እሷም ነፍስ ይማር አለች። ልትሄድ ነው ስል እዚያው ቆመች።

«ያን ቅዳሜ» አለች፣ ወደ ሱፐርማርኬቱ በር እያየች፣ «ያን ሁሉ የጠየቅኩት እኮ ይቀንሱልኛል ብዬ ነበር። ሁለቴ ነው የለመኑኝ። ያ ሰውዬ ይረፍድብኛል ብሎ ይዟቸው ወጣ። እኔ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ‹ተይ ልጄ፣ እግር መውደቁስ ይቅር› ይሉኛል፣ እሺ እላለሁ ብዬ፣ ልብሳችንን እንኳ መኪናው ውስጥ ጭኜ ነበር የምጠብቀው።»

«እኔንም ሁለቴ ነው የለመኑኝ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። አየሁት ፊቷ ላይ ሲገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ እንጃ። እሷ ሌላ አላገባችም። እኔም አላገባሁም። ልብሱን የሚጭን መኪና አጠገባችን ቆሟል፣ ቤቱም ያው ስካይዌይ አለ። «ነይ» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? ግን ማን ይጀምር? ምናልባት እሷ ትጀምር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ልጄ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «አር ዩ ጋይስ ደን?» አለች።

እናቷ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት።

«አዎ፣ ጨርሰናል» አለቻት። ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ትንሽ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። ከዚያ ቁልፏን ከቦርሳዋ ፈልጋ አወጣችና ወደ መኪናዋ ሄደች።